የማትሮጥ ወፍ

«እኔ እኮ የሞተችው ነኝ» አለች የልጅ ልጄ፣ የጠፋባትን አንድ እግር ካልሲ አልጋ ሥር እየፈለገች።

ወጥ ቤት ቆሜ ድንች እየላጥኩ ነበር። ወጥ ቤታችንንና መኝታ ቤታችንን የሚለያቸው ጣራው ጋ የማይደርስ ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ፣ እዚያ የሚባለው ሁሉ እዚህ ይሰማል። ከአንደኛ ፎቅ ያለችው ጓደኛዋ፣ እኛ ለፍላፊዋ የምንላት፣ ገና በጠዋቱ ክንፏን አስራ መጥታ አልጋችን ላይ ትዘላለች። «እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ነው የምበረው፤ አንቺስ ምንድን ነሽ?» ብላ ጠይቃት ነው እንዲህ ያለቻት። «ሽቦ መትቷት የወደቀችው» ብላ አስረዳቻት የኔዋ። «መጀመሪያ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ ጨርቅ ያለብሱኝና እስኪያልቅ እተኛለሁ።» «ሙሉውን?» «አዎ፣ ሙሉውን።» ለፍላፊዋ መዝለሏን ተወች፤ አልጋው ሲጢጥ ማለቱን አቆመ። እኔም ቢላዬን አስቀመጥኩ።

ስምንት ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አስራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኝታ፣ የጎድን አጥንቶቿ ከቆዳዋ ሥር ሲወጡና ሲገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁ እኔ ነኝ። እናቷ ሥራ ነበረባት፤ ማታ ማታ ትመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከልጅቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው፤ ትንፋሿን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጅ እያለ፣ ጉንጫቸው ቲማቲም የመሰለ፣ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን የሚዘሉ ልጆች እያሉ፣ ሞት የሚያስፈልገው ጨዋታ ሲመጣ የኔዋን መረጡ? በሰው ፊት አጋድመው ጨርቅ ሊያለብሷት? ይኼ ሟርት ካልሆነ ሟርት ምንድን ነው?

ልጄ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ክንፉን ትተኩሳለች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ክንፉን ከገበር ቁርጥራጭ ነው የሰፋችው፣ ግራጫውን ከቡናማው እያፈራረቀች። ገበያ ወጥቼ የአንድ ሜትር ዋጋ ብጠይቅ ሁለት ኪሎ ሥጋ የሚገዛ ሲጠራልኝ ጊዜ ነው በፋብሪካው ቁርጥራጭ የተስማማነው። ሦስት ምሽት ፈጅቶባታል። ላባዎቹን አንድ በአንድ ነው የቆረጠቻቸው፤ ጫፋቸው እንዳይተረተር ሁሉንም ዘምዝማዋለች።

«ሰምተሻል?» አልኳት።

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ልጅሽን ሊገድሏት እንደሆነ። ሟርት ነው ይኼ።»

«ጨዋታ ነው እኮ» አለችና ካውያውን ቅድም ያለፈችበት ቦታ ላይ መለሰችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። ይህን ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ልትናገረው የምትፈልገው ነገር ሲኖር ከንፈሯን አጥፋ ወደ ውስጥ ትይዘዋለች። እኔ ግን ያን ጠዋት ዝምታዋ መስማማት መስሎኝ፣ እሷም በመምህርቷ የተናደደች መስሎኝ፣ «ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ክንፉን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ወደ ግማሽ ቀን ሥራዋ ሄደች።

ስለ በዓሉ ላስረዳ። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ረግረግ ቦታ አለ። ድሮ ሰፊ ነበር አሉ፤ አሁን ግማሹ ተደፍቶ መጋዘን ተሠርቶበታል፣ ከቀረው ላይ ደግሞ ከዳር እዳር የመብራት ሽቦ አልፎበታል። እዚያ ብርድ ሲገባ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ያርፋሉ። ረጃጅም እግር አላቸው፤ ምንቃራቸው እንደ ጆንያ መስፊያ መርፌ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሰፈሩም መርፌ አፍ ይላቸዋል። እኔ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመት አይቻቸው አላውቅም፤ መልካቸው ከመሬቱ አይለይም። የሚያያቸው ወፍ ቆጣሪው ነበር፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽሩ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሞ ደብተሩ ላይ ጭረት ይጭራል። ሰው መጀመሪያ ይስቅበት ነበር፣ እኔም ጭምር። በአንድ ወቅት ስድስት መቶ ይቆጥር የነበረው ሰው የዛሬ አራት ዓመት አርባ አንድ ብቻ ቆጠረ። ከአርባ አንዷም አንዷን የመንገድ ጠራጊዋ ሽቦው ሥር ወድቃ አግኝታ፣ እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አይታ አመጣችለት። ያን ቀን ሽማግሌው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰፈሩ በየዓመቱ ወፎቹ የሚገቡበትን ሰሞን ጠብቆ ለልጆቹ በዓል ማድረግ የጀመረው። ልጆቹ ወፍ ሆነው ይጫወታሉ፤ ሜዳው ላይ የሚያርፉባቸው ምንጣፎች ይነጠፋሉ፤ በየዙሩ ትልልቆቹ አንድ አንድ ምንጣፍ ያነሳሉ፤ ማረፊያ ያጣ ከጨዋታው ይወጣል። ረግረጉ ሲደፋ ወፏ ምን እንደሚደርስባት በእግራቸው ይማሩታል ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አልተቃወምኩም። የኔን ልጅ ለምን ጨርቅ ያለብሷታል ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ ወጣን። ደረጃውን እንደ ልማዳችን በየፎቁ አንድ ጊዜ እያረፍን ወረድን። እሷ እጄን ይዛ እርምጃ ትቆጥራለች፣ ለፍላፊዋ ታች ደርሳ ተመልሳ ትመጣለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜላታለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ውኃ፣ ትርፍ ሹራብ፣ ስታፍናት ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት፣ ሌላ ትርፍ ሹራብ። ጎማ ቤቱ ጋ አቧራ ስለነበር መንገድ አሻገርኳት፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ደግሞ ጭስ ስለነበር መልሼ አሻገርኳት። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ዛሬ መንገዱን እየሰፉት ነው እንዴ?» አለኝ። ሻርፗን አጠበቅሁላትና አለፍን። እሷ ግን ሳቀች፤ አሳቃት ብዬ ደግሞ ሳል እንዳይነሳባት ፈራሁ።

ሜዳው ሞልቷል። እናቶች ከቤት ያመጡትን ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ክንፍ ያሰሩ ልጆች መሐላቸው ይራወጣሉ፣ አንዱ ክንፍ ከካርቶን፣ አንዱ ከአሮጌ መጋረጃ። ከኔዋ ክንፍ የሚደርስ አንድም አላየሁም፤ ያ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ። ለመተኛት ለመተኛት ያ ሁሉ ዝምዘማ ምን ያደርጋል? መምህርቷን አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ ሰማያዊ ምንጣፎች ስታነጥፍ አገኘኋት። ልጅ እግር ናት፣ ከልጄ ታንሳለች፤ ጥሩ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላም እንኳን አላልኳትም።

«ምን በድላችሁ ነው ይቺን ልጅ የገደላችኋት?» አልኳት።

«እማማ?»

«ከሠላሳ ሁለት ልጅ መሐል! ሞታ እንዳልተረፈች! እዚያ አስተኝታችሁ ጨርቅ ልታለብሷት፣ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ላጨበጭብ?»

 ምንጣፉን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የስም መጥሪያ መዝገቡን አወጣች። ከሽፋኑ ውስጥ በኩል በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። ከካሬ ደብተር የተገነጠለ ነው። ጽሕፈቱን ገና ከሩቅ አወቅሁት፤ «ት»ን እግሯን እንዲህ የሚያስረዝም ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

«ለመምህርት። ይህች ልጅ ሕመምተኛ ናት። አትሩጥ። አትዝለል። ደረጃ በቀስታ ትውጣ። ሰሌዳ ሲጠረግ ከክፍል ትውጣ። ብርድ ከሆነ ከክፍል አትውጣ። ሌሎቹን አይታ ልሩጥ ብትል እሺ እንዳትሏት። አደራ። አያቷ።»

«ዓመቱ ሲጀመር ነው የሰጡኝ» አለች መምህርቷ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በዚህ ጨዋታ ሁሉም ወፍ ይሮጣል፣ እማማ። እኔማ ፊሽካውን ንፊ ብያት ነበር። ምንጣፍ ያዥም ብያታለሁ። ‹ወፍ መሆን ነው የምፈልገው› አለችኝ። ወፍ ሁሉ ይሮጣል ስላት አሰበችና ‹የሞተችው አትሮጥም አይደል? እሷን ስጪኝ› አለች። ራሷ ናት የጠየቀችኝ።»

አጠገባችን ሁለት ልጆች በአንድ ክንፍ ይጓተታሉ። መምህርቷ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማለች፤ ልመልስልዎ ወይስ ልያዘው የምትል ይመስላል። እኔ ወረቀቱን ሳይሆን የልጅ ልጄን ነበር የማየው። ምንጣፎቹ የሚያልቁበት ጠርዝ ላይ፣ የምትወድቅበት ቦታ ላይ፣ ማንም ሳያዛት ቀድማ ሄዳ ቁጭ ብላለች። ጠጠር እየለቀመች ወደ ዳር ታደርጋለች፤ ጀርባዋን እንዳይወጋት ይሆናል። አኮረፈች እንዳልል አላኮረፈችም። ብታኮርፍ በተሻለኝ። የተሰጣትን ቦታ እያስተካከለች ነበር።

ልጄ ከሥራ ቀጥታ ስትመጣ አገኘችኝ። የፋብሪካው ሽርጥ ከካፖርቷ ሥር ይታያል፣ ፀጉሯ ላይ ክር አለ። ፊቴን አየች፤ መዝገቡን አየች፤ ገባት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነገርኩሽ፣ እማዬ። ሐኪሙም ነገረሽ። ‹መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ነፍታ፣ ትንሽ ቆይታ እንደ ልጅ ትሩጥ፣ ሲደክማት ራሷ ታቆማለች› አላለም? ‹ተጠንቀቁ› ያለውን ብቻ ይዘሽ ወጣሽ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። «ምን ላድርግ? ቀን ቀን ከእሷ ጋር አንቺ ነሽ። አንቺ ስትፈሪ እሷም ትፈራለች። ክንፉን አሳምሬ መስፋት ብቻ ነው የቻልኩት።»

 በእኔና በእሷ መሐል ልጆች እየተሹለኮሉ ያልፋሉ። ሐኪሙ እንደዚያ ማለቱን አስታወስኩ፤ በደንብ አስታወስኩ፤ ሲናገር ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶውን ያንከባልል ነበር። ወጣት ስለሆነ አላመንኩትም። አስራ አንድ ቀን ያልተቀመጠ ሰው ምን ያውቃል ብዬ ነው። መምህርቷን «ታዲያ ትሩጥ» አልኳት። 

«ደስ ይለኝ ነበር» አለች፣ «ግን የሞተችውን ማን ይሆናል? ሁሉንም ጠይቄያለሁ። አንድም ልጅ እሺ አይልም። ቀለበቱ የሚነበበው ደግሞ ከሷ እግር ላይ ነው፤ እሳቸው» አለች በአገጯ ወደ ወፍ ቆጣሪው እያመለከተች፣ «ያን ሳይናገሩ ጨዋታው አይጀመርም።»

ወፍ ቆጣሪው ከረባት አስሮ፣ ቀለበቷን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ፣ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪውም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ኖሮ «እኔ ልሙትላችሁ?» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ፤ «ግን ይቺን የተሸከመ ወፍ ሽቦውን ይበጥሰዋል እንጂ ሽቦ አይገድለውም።» ሰው ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሐል «እኔ እተኛለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት።

«እማማ፣ መሬት እኮ ነው» አለች መምህርቷ። «ይበርድዎታል።»

«ሹራብ ሞልቶኛል።»

«እማዬ» አለች ልጄ፣ «ሟርት ነው ስትዪ አልነበረም እንዴ ጠዋት?»

«ሟርት ከሆነ ወደ እኔ ይሂድ፤ እኔን ያውቀኛል» አልኳት። ልጄ ከንፈሯን አጠፈች፤ በዚህ ጊዜ ግን ከውስጥ የያዘችው ሳቅ ነበር።

ለልጅቷ እናቷ ነገረቻት። እኔ ሩቅ ቆሜ አየሁ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ እናቷን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ምንጣፎቹን አየች፤ ያላመነች መሰለኝ። ሮጣ ወደ እኔ ልትመጣ ተነሳችና በግማሽ መንገድ ልማዷ ትዝ ሲላት መራመድ ጀመረች። ያ ልቤን ሁለት ቦታ ከፈለው። መድኃኒቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለእናቷ ሰጠሁ። አንድ ጊዜ ነፋች፣ ትንፋሿን ይዛ በጣቷ እስከ አስር ቆጠረች፤ ደገመች። ሻርፑን ከአንገቷ ፈታሁላት፤ ማሰር ብቻ የለመደ እጅ ነውና ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ እሷ እኔን ልታለማምደኝ ተንበረከከች። ለፍላፊዋ የእናቷን ሻሽ አምጥታ ክንፍ ብላ ትከሻዬ ላይ አሰረችልኝ።

«እምዬ፣ ስትወድቂ ቀስ ብለሽ ነው» አለችኝ የልጅ ልጄ በጆሮዬ። «አንዱን ክንፍሽን ብቻ ትዘረጊያለሽ። አንዱ ተሰብሯል። ዓይንሽን ጨፍኚ። አትተንፍሺ።» ትንሽ አሰበችና «እሺ ትንሽ ትንሽ ተንፍሺ» አለች።

ወደቅሁ። ልጄ በአንድ በኩል ዳቦ ጋጋሪው በአንድ በኩል ይዘውኝ መውደቅ ከተባለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያጸዳችው መሬት አንድም ጠጠር አልነበረውም። ወፍ ቆጣሪው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀለበቷን በክር አሰረ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለልጆቹ ይናገር ጀመር። ይህች ወፍ፣ አለ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ኖራለች። ሃያ ሦስት ጊዜ ባሕር አቋርጣ መጥታ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ምሽት ላይ ጉም ነበር፤ ሽቦውን አላየችውም። አንድ ልጅ «ይቺኛዋስ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ይቺኛዋ» አለ ወፍ ቆጣሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መዝገብ ሳይጀመር የተወለደች ናት።» ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሙት ባልሆን ኖሮ መልሱን አገኝለት ነበር።

ጨርቁን አለበሱኝ፤ እስከ አንገቴ ብቻ፣ ልጄ ናት መሰለኝ ከፊቴ ያወረደችልኝ። ፊሽካ ተነፋ። የእግር ኮቴ መሬቱን ይዞ እስከ ጀርባዬ መጣ፤ ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ጩኸት፣ የክንፍ ፍትጊያ። አለፉኝ። ቆሙ። «አንድ ምንጣፍ ተነሳ! እዚህ ጋ መጋዘን ተሠራ!» አለች መምህርቷ። ደግሞ ፊሽካ። ሙት ሆኖ መተኛት ቀላል ይመስለኝ ነበር። ከባድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ከዚያች ልጅ ላይ አንስቼ አላውቅም፤ እሷ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮጥ እኔ መጨፈን ነበረብኝ። ጆሮዬን ብቻ ዘረጋሁ። ሳል የሰማሁ መሰለኝ፤ የወፍ ቆጣሪው ነው። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ፤ ፊሽካው ውስጥ ያለችው ኳስ ናት። «ሁለተኛ ምንጣፍ ተነሳ!» «ሦስተኛ ተነሳ!» አራተኛው ዙር ላይ ሩጫው ቆመ፤ ድንገት ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመብኝ፤ መታገሥ አቃተኝና አንድ ዓይኔን ገለጥኩ።

ከቀሩት ምንጣፎች አንዱ ላይ ከስድስት ልጆች ጋር ተጨናንቃ በአንድ እግሯ ቆማለች። ፊቷ ደም መስሏል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ደረቷ ይነሳል ይወርዳል። እኔ የማየውን አውቃለሁ፤ ከጉሮሮዋ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ነው፤ ሲያፍናት እሷ ናት ወደ ውስጥ የምትገባው። አልገባችም። ሮጦ የመጣ ልጅ ትንፋሽ ነው። የማንም ልጅ ትንፋሽ።

«እንዴ! የሞተችው ታያለች!» ብላ ጮኸች ለፍላፊዋ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ወፍ ቆጣሪው እንኳን እየሳቀ የዓይን መነጽሩን አወለቀ። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። ሚዛኗን ሳትለቅ፣ እግሯን ሳታወርድ፣ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ «እምዬ ጨፍኚ እንጂ ጨዋታውን እኮ ልታበላሺብን ነው!» አለችኝ።

ጨፈንኩ። ፊሽካው ተነፋ፤ ኮቴው እንደገና ተነሳ። የእሷን ከሌሎቹ ለይቼ ለመስማት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።